ሦስት ማሽን፣ ሦስት ቁጥር፦ የእናቴን ስኳር የሚያውቀው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል። ሜትፎርሚን ትወስዳለች፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ኤንፒኤች ኢንሱሊን ትወጋለች። ባለፈው ሳምንት የቀጠሮዋ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቤት በባዶ ሆዷ ስንለካ 168 አለ። ጤና ጣቢያ ደርሰን 3 ሰዓት ላይ ነርሷ ጣቷን ወግታ ስትለካ 201 ሆነ። ከክንዷ የተቀዳው ደም ውጤት ከሰዓት በኋላ ሲወጣ ደግሞ 149! የ3 ወር ስኳሯም 6.4% ነው ተባለ፤ ዶክተሩ በጣም ጥሩ ነው አሏት። እኛ ግን በየጠዋቱ ደብተር ላይ የምንጽፈው 160፣ 175፣ 188 ነው። መለኪያውን ወንድሜ ከዱባይ ነው የላከልን፤ ደሙ የሚነካበትን ቁራጭ፣ ስትሪፑን፣ እንዳይበላሽ ብለን ከኢንሱሊኑ ጋር ፍሪጅ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ማሽኑን ልጣለው? ማንን ልመን?»

መልስ፦ ማሽኑን አይጣሉት። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዴት እንደሆነ አሁን እነግርዎታለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የሦስቱ አለመስማማት ሳይሆን ጨረፍ አድርገው ያለፉት አራተኛው፣ የ3 ወሩ 6.4 ነው። ከባዱ ሥራ እሱን ከደብተርዎ ጋር ማስታረቅ ነው።

በ168 እና በ201 እንጀምር። እናትዎ «ፋስቲንግ ነው» ስለተባሉ ቁርስ ሳይቀምሱ ወጥተዋል። ባይጽፉልኝም የጠዋት ኢንሱሊናቸውንም እንዳልወጉ እገምታለሁ፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዲያ ያደርጋሉ፣ ሳይበሉ ወግተው ስኳራቸው መንገድ ላይ እንዳይወርድ ፈርተው። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ሆድ ባዶ ሆነ ማለት ግን ደም ውስጥ ስኳር አይገባም ማለት አይደለም። ጉበት ሌሊቱን ሙሉ፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። የማታው ኤንፒኤች ኃይሉ እያለቀ ነው፣ የጠዋቱ ገና አልገባም፤ በዚህ ላይ የታክሲ ሰልፍ፣ የካርድ ክፍል ሰልፍ አለ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ስኳር 20 እና 30 ቢጨምር ብርቅ አይደለም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ኢንሱሊኑንና ቁርሱን በቦርሳ ይያዙ። ደሙ እንደተቀዳ እዚያው ይውጉና ይብሉ፤ እስከ 6 ሰዓት በባዶ ሆድ አያቆዩአቸው።

በዚያ ላይ መለኪያው ራሱ የተፈቀደለት ስፋት አለ። የቤት መለኪያዎች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይሶ 15197 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደረጃ የሚጠይቀው፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከ100 ልኬት 95ቱ ከላብራቶሪው ውጤት ከ15% በላይ እንዳይርቁ፣ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ በ15 ሚሊ ግራም ውስጥ እንዲገኙ ነው። እንግዲህ የእናትዎ እውነተኛ ስኳር 3 ሰዓት ላይ 190 ነበር እንበል። ከ162 እስከ 218 ያለ የትኛውም ቁጥር ፈተናውን ያልፋል፤ የነርሷ 201 በደህና ውስጡ ነው። ጣታቸውን ሁለት ጊዜ ወግተው አንዴ 183፣ አንዴ 196 ቢያዩ ማሽኑ አላበደም።

«ላብራቶሪው ግን 149 አለ፤ ላብራቶሪ ደግሞ አይሳሳትም» ይሉኝ ይሆናል። የላብራቶሪው ማሽን በርግጥ ከሁለቱም ይበልጣል። ችግሩ ደሙ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ደም ቱቦ ውስጥ ገባ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ቀይ የደም ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፣ ምግባቸው ስኳር ነው፣ ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ያለውን ይበላሉ። ሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ ሕዋሳቱን ከውሃው የሚለይ ማሽን) ሳይገባ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከስኳሩ ከ5 እስከ 7% ያጣል። 190ን በየሰዓቱ 6% እየቀነሱ አራት ሰዓት ይሂዱ፤ 148 ላይ ይደርሳሉ። ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ነው የወጣው አላሉኝም? ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ይህን መብላት የሚያቆም ፍሎራይድ አለ፤ እሱም ቢሆን ሥራውን በደንብ እስኪይዝ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። ዋናው መድኃኒት ቶሎ ማሽከርከር ነው። ደም ሲቀዱ «ቱቦው መቼ ነው የሚሽከረከረው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የላብራቶሪ ባለሙያዎችም ደንበኛ እንዲህ ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቢያንስ እኔ የማውቃቸው።

ስለዚህ ያን ቀን የዋሸ የለም። የተለያየ ሰዓት፣ የተለያየ ደም፣ የተለያየ ቆይታ ነው የተለካው።

ፍሪጁን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ኢንሱሊን ፍሪጅ ይወዳል፣ ስትሪፕ አይወድም። ስትሪፑ ጫፍ ላይ ያለው ኢንዛይም ነው፣ የኢንዛይሙ ጠላት ደግሞ እርጥበት ነው። ቀዝቃዛውን የስትሪፕ ብልቃጥ አውጥተው ሞቅ ባለ ክፍል ሲከፍቱት፣ ከፍሪጅ በወጣ ጠርሙስ ላይ የሚያዩት ላብ ውስጡም ይይዛል። የብልቃጡ ክዳን ግጥም የሚለው፣ ውስጡም እርጥበት መጣጭ የተደረገለት ያለ ነገር አይደለም። ስትሪፑን አውጥቶ በፌስታል መቋጠር፣ ክዳኑን ከፍቶ ትቶ ቡና ማፍላት፣ ሁለት ብልቃጥ ወደ አንድ መገልበጥ፣ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ከ30 ዲግሪ በታች የሆነ ደረቅ መሳቢያ ይበቃል። አዲስ አበባ ለሚኖር ይህ ቀላል ነው፤ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ላለ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያው የራቀ፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይፈለግ። ብልቃጡ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉ። እንደ ዓይነቱ ከተከፈተ በኋላ ሦስት ወይም ስድስት ወር ነው ዕድሜው፤ ወረቀቱ ላይ አለ። አሁን በእጅዎ ያለው ፍሪጅ የቆየ ብልቃጥ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምነግርዎትን ልኬት በአዲስ ይጀምሩ።

ስለ እጅ መታጠብ ሁሉም ሰው ሰምቷል፣ ሁሉም ሰው ይረሳል። አንድ ጊዜ ተረኛ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ በ318 ተደናግጦ መጣ፤ ኢንሱሊን ሊጨምር ምንም አልቀረውም። ምንም አይሰማውም። አጠገቡ ስቀመጥ እጁ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። ለልጆቹ ልጦ ሰጥቶ፣ በሶፍት ጠርጎ ነው የለካው። በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ እንደገና ወጋነው፤ 127። ማሽኑ የሚጠባው ደም ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ እዚያ ላይ የማንጎ ውሃ ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን ያስቡት። አልኮል ስኳሩን ላይጠርገው ይችላል፤ ውሃና ሳሙና ይሻላል። ማድረቅም እንዳይረሳ፣ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። ደሙ እንቢ ካለ ጣቱን ከመጭመቅ እጁን ዝቅ አድርጎ ማወዛወዝ፣ በሞቀ ውሃ መታጠብ፣ ከጣቱ መሃል ይልቅ ከጎኑ መውጋት ነው የሚበጀው።

አሁን ወደ 6.4።

የ3 ወር ስኳር የምንለው ምርመራ ስኳርን በቀጥታ አይለካም። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በዚያ ዕድሜው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ሕዋሱ ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል፤ የምንቆጥረው የተጣበቀውን ነው። 6.4% ወደ ዕለታዊ ስኳር ሲመነዘር በአማካይ 137 አካባቢ ይሆናል። የእናትዎ አማካይ እንደ ደብተሩ 170 ቢሆን ኖሮ 7.5 ገደማ በመጣ ነበር። ይህ ልዩነት በማሽን ስፋት ብቻ የሚሸፈን አይደለም። ሦስት ነገር ይታየኛል።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። እርስዎ የሚለኩት ጠዋት ብቻ ነው። የእናትዎ ስኳር ጠዋት ከፍ ብሎ ቀን ላይ 110 እና 120 እየሆነ ከዋለ፣ ደብተሩም 6.4ም ልክ ናቸው። የአንድን ሰው ቤት በየቀኑ 1 ሰዓት ላይ ብቻ ያንኳኳ ሰው፣ ሰውየው ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የሚውለው ቢል ይፈረድበታል?

ሁለተኛው አሳሳቢ ነው፤ ሌሊት እየወረደ ሊሆን ይችላል። ማታ 12 ሰዓት ከራት በፊት የተወጋ ኤንፒኤች ጉልበቱ የሚበረታው ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም እኩለ ሌሊትና ከዚያ ወዲያ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ። የሌሊቱ 55 ከጠዋቱ 180 ጋር ሲደመር አማካዩን ያሳምረዋል። (ሌሊት ስለወረደ ነው ጠዋት የሚወጣው የሚለውን በሁሉም አፍ የሚነገር ማብራሪያ ብዙም አላምንበትም፤ የማያቋርጥ መለኪያ የተደረገላቸው ሰዎች ላይ ሲታይ ሁልጊዜ አይደገፍም። ግን ለክርክር ጊዜ የለንም፣ ለክቶ ማየት ይሻላል።) እናትዎ ሌሊት ልብሳቸው በላብ ይርሳል? ቅዠት አለ? ጠዋት ራስ ምታት ይዟቸው ይነሳሉ? ይጠይቋቸው። እኛ ዘንድ እናቶች ይህን «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል።

ሦስተኛውን ግን በደንብ እዩልኝ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለሱ ነው። የእናትዎ ደም ራሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስኳር 9 ዓመት ከቆየ በኋላ ኩላሊት መዳከም ሊጀምር ይችላል፤ የተዳከመ ኩላሊት ደግሞ የደም ማነስ ያመጣል። የደም ማነስ በሁለቱም ምርመራዎች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሠራል። ቀይ ሕዋሳት ቶሎ እየሞቱ በአዲስ ሲተኩ፣ አዲሱ ሕዋስ ስኳር ለማጠራቀም ጊዜ ስለማያገኝ የ3 ወሩ ስኳር ከእውነቱ በታች ይወጣል። በሌላ በኩል የጣት ደም ውስጥ ሕዋሱ ቀንሶ ውሃው ሲበዛ፣ ስትሪፑ ላይ የሚደርሰው ስኳር ስለሚበዛ የቤት ማሽኑ ከእውነቱ በላይ ያነባል፤ ይህን የሚያርሙ አዳዲስ ማሽኖች ቢኖሩም ሁሉም አያርሙም። አዩት? አንድ የደም ማነስ፣ ደብተሩን ወደ ላይ፣ 6.4ን ወደ ታች። እናንተ ቤት ያለው ጠብ ቁርጥ ይህንኑ ይመስላል። በቅርቡ ደም ፈስሷቸው፣ ደም ተሰጥቷቸው ወይም ወባ ይዟቸው ከነበረም የ3 ወሩን ምርመራ ወደ ታች ይጎትተዋል። የብረት እጥረት ብቻውን ከሆነ ግን ተቃራኒ ነው፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ «ደም ማነስ አለ» ብሎ ማቆም አይበቃም፣ ዓይነቱ መታወቅ አለበት።

ዶክተሩ «በጣም ጥሩ ነው» ማለታቸው አይፈረድባቸውም፤ ያዩት ወረቀቱን ነው። ደብተሩን አሳይታችኋቸው ነበር?

ስለዚህ የሚጠየቁት ሁለት ርካሽ ምርመራዎች ናቸው፦ ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ) እና ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፤ ከተቻለ ሽንት ላይ ፕሮቲን። ኩላሊቱ ደክሞ ከተገኘ የሜትፎርሚኑ መጠን መታየት አለበት፤ ኢንሱሊንም ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ በቀላሉ ስኳር ይወርዳል። እስከዚያው የጠዋቱን 180 አይታችሁ ኢንሱሊን እንዳትጨምሩ። በእኔ ሚዛን ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው፣ ከፍ አድርጎ የሚዋሽ ማሽን ዝቅ አድርጎ ከሚዋሸው ይከፋል። 85 ሲል ተረጋግታችሁ ትተኛላችሁ፤ እውነቱ ግን 66 ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ነው። ኢንተርን ሳለሁ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው መጡ። ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር ክኒን ይውጣሉ፣ ተቅማጥ ይዟቸው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። የጣት ስኳራቸው 31። 40% ግሉኮስ በእጃቸው ጀርባ ደም ሥር ውስጥ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላው፣ ገፋሁ። ካኑላው ትንሽ ያፈስ ስለነበር እጃቸው እንደ ማር ተጣበቀ። ነቁ፤ ልጃቸው እልልታ ሊያሰማ ምንም አልቀረውም። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ያንኑ እጅ ወጋሁና 412 አነበብኩ። እኔ ጅሉ «እንዲያውም አበዛነው» ብዬ ግሉኮስ ሳላንጠለጥል ወደ ሌላ ሕመምተኛ ሄድኩ። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ልጅየው «ዶክተር፣ እንደገና እያላባት ነው» ብሎ ጠራኝ። ሲኒየሯ ነርስ ምንም ሳትለኝ ሌላኛውን እጅ በውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ወጋች። 44። ግሊቤንክላማይድ ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ስኳሩን ደጋግሞ ሊጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ከዓይን አይርቅም። ሰውየው ላይ የሚታየውና ማሽኑ የሚለው ሲጣላ እጅ ታጥቦ መድገም፣ ካልተቻለ ሰውየውን ማመን። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተወናበደ፣ ማሽኑ 110 ቢልም ስኳር ይስጡት።

ለሁለት ሳምንት እንዲህ ይለኩልኝ። ጠዋት እንደለመዱት፤ ቀን ቀይራችሁ አንዳንዴ ከራት በፊት፣ ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ። ከሁሉም በላይ፣ ለሦስት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ደውሎ ይቀስቅሳችሁ። 50 ስትሪፕ ካለው ብልቃጥ 30 አይፈጅም፤ የቀረው ሲያማቸው ይሆናል። ቁጥሩ አጠገብ ምን እንደበሉና ኢንሱሊኑ ስንት ሰዓት እንደተወጋ ይጻፍ። ሌሊት ከ70 በታች ካገኙ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይድገሙ፤ በማግሥቱ የማታውን ኢንሱሊን ከመውጋትዎ በፊት ሐኪማቸው ዘንድ ይደውሉ እንጂ ቀጠሮ አይጠብቁ።

የማሽኑን ነገር ለመቁረጥ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይዘውት ይሂዱ። በባዶ ሆድ፣ ደሙ ከክንድ ከተቀዳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ በታጠበ ጣት፣ በራሳችሁ ማሽን ለኩ፤ ቱቦው ወዲያው እንዲሽከረከር ለምኑ። በ15% ውስጥ ከገቡ ማሽናችሁ ደህና ነው። ከምግብ በኋላ ግን አታወዳድሩ፤ ያኔ የጣት ደም ከክንድ ደም በተፈጥሮው ከፍ ይላል።

ወንድምዎ ሌላ ሊልክ ካሰበ አስቀድሞ ፋርማሲ ሄደው የትኛው ስትሪፕ እዚህ ሳይቋረጥ እንደሚገኝ ይጠይቁ። ውዱ ስትሪፑ ነው፣ ማሽኑ አይደለም፤ ስትሪፕ አጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ስንት ማሽን አለ። ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የሚላክ ከሆነ ደግሞ የሚያነበው እኛ በለመድነው ሚሊ ግራም ሳይሆን በሚሊሞል ነው። 9.4 ሲል በ18 ያባዙት፣ 169 ነው። ይህን ያልነገሯቸው አንድ አባት «ስኳሬ 9 ገባ፣ አለቀልኝ» ብለው ግማሽ ኪሎ ስኳር በሻይ ሊጨርሱ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስላልጠየቁኝ ግን በየቤቱ ስለማየው። ቡና ላይ ማሽኑ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ «እስቲ እኔንም» ይላል። መርፌው ቢቀየርም መውጊያው ብዕር ራሱ ደም ይነካዋል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደረቅ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። የእናትዎ መውጊያ የእናትዎ ብቻ ይሁን። ጎረቤት በስኳር ቡናና በፈንዲሻ ላይ 205 ካየችም ስኳር ያዘኝ ብላ እንዳታለቅስ፣ ደህና ነኝ ብላም እንዳትቀመጥ፤ በባዶ ሆድ ላብራቶሪ ትሂድ፣ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገምላት።

ሲቢሲውና ክሬቲኒኑ ሲወጡ ቁጥሮቹን ከሦስቱ ሌሊቶች ጋር ይላኩልኝ።